የባሕሩ ዙፋንና የዋግ ወንበር

ስሙኝማ! ይህን ወግ ከባሕር ነው የምጀምረው። ሰቆጣ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ባሕር ማውራት ምን የሚሉት ነው ትሉኝ ይሆናል። ግድ የለም፣ ታገሡኝ። ባሕሩ ራሱ ሽቅብ እየወጣ ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ድረስ ይመጣል።

ከምጽዋ በስተደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ዛሬ ፍርስራሽና አሸዋ ብቻ የሚታይበት ቦታ አለ። አዱሊስ ነው። በአክሱም ዘመን ግን ከግብፅ የሚመጣው መርከብ የሚያርፍበት፣ የህንድ ሸቀጥ የሚራገፍበት፣ የአክሱም ነገሥታት ዓይናቸውን የማያነሱበት ወደብ ነበር። የንግዱ ጽሕፈት ግሪክኛ ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ ለቀይ ባሕር ተጓዦች መመሪያ ጽፎ ነበር። ከአዱሊስ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ይወጣል፤ ወደ አዱሊስ ብረት፣ መዳብ፣ ልብስ፣ ትንሽ ወይንና ትንሽ ዘይት ይገባል ይላል። የአገሩን ንጉሥ ዞስካሌስ ብሎ ጠርቶ፣ ስስታም ነው፣ ሁልጊዜ ተጨማሪ ይፈልጋል፣ ሌላው ጠባዩ ግን መልካም ነው፣ የግሪክን ፊደልም ያውቃል ሲል ጽፏል። ንጉሥን በአንድ እስትንፋስ ሰድቦ የሚያመሰግን ነጋዴ ብቻ ነው!

እንግዲህ በዚያች ከተማ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ወደ አክሱም የሚወስደው መንገድ በሚጀምርበት በኩል፣ አንድ ዙፋን ቆሞ ነበር። ነጭ እብነ በረድ ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ቀጫጭን ምሰሶዎች፣ መካከሉ ላይ ደግሞ እንደ ገመድ የተገመደ አንድ ወፍራም ምሰሶ ተሸክመውታል። መደገፊያም የክንድ ማሳረፊያም አለው። በጀርባው ሄርኩለስና ሄርሜስ የሚባሉት የግሪክ አማልክት ተቀርጸዋል። ከዙፋኑ ኋላ ጥቁር የድንጋይ ሐውልት ነበር፤ እሱ ግን ወድቆ ግርጌው ተሰብሯል። ሁለቱም ከላይ እስከ ታች በግሪክ ፊደል ተሞልተዋል። ሞት የተፈረደበት ሰው የሚገደለውም በዚህ ዙፋን ፊት ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ነው። ጊዜው 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ንጉሡ ደግሞ እኛ አፄ ካሌብ የምንላቸው ናቸው። ካሌብ ባሕር ተሻግረው የመን ላይ ሊዘምቱ ሲሰናዱ፣ ለአዱሊሱ ገዥ ለአስባስ ደብዳቤ ጻፉ፦ ዙፋኑና ሐውልቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አስገልብጠህ ላክልኝ። ለምን ፈለጉት? ለዘመቻ የሚነሣ ንጉሥ ከሱ በፊት የዘመተው ምን ብሎ እንደጻፈ ማወቅ ይወዳል፤ እኔ እንዲያ ነው የምገምተው። ገዥው ኮስማስንና ሜናስ የሚባለውን ሌላ ነጋዴ ጠራ። ሁለቱ ፀሐይ ላይ ተንበርክከው ፊደል በፊደል ገለበጡ። አንዱን ግልባጭ ለገዥው ሰጡ፣ አንዱን ለራሳቸው አስቀሩ። ሜናስ ኋላ መነኮሰ። ኮስማስም መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ሽንጡን ገትሮ ቢከራከርም፣ የአዱሊስን ዙፋን ጽሑፍ ግን አተረፈልን። ዛሬ ዙፋኑም ሐውልቱም የለም፤ የቀረን የነጋዴው ግልባጭ ነው።

ኮስማስ ሁለቱን ጽሑፎች የአንድ ሰው ናቸው ብሎ ነበር። ኋላ ሊቃውንት ለዩአቸው። ሐውልቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅን የገዛው የሦስተኛው በጥሊሞስ ነው፤ ለጦርነት የሚሆን ዝሆን ከዚህ አገር እንዳስያዘ ይፎክርበታል። የዙፋኑ ጽሑፍ ግን የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ነው። መጀመሪያው ስለጠፋ ስሙን አናውቀውም። በነገሥኩ በ27ኛው ዓመት አቆምሁት ይላል፣ ያስገበራቸውንም ሕዝቦች ይቆጥራል። እዚህ ላይ ነው ወገኖቼ ጆሮ የሚቆመው! ከጋዜ ይጀምርና ይዘረዝራል፣ ይዘረዝራል፣ «አታጋው» የሚል ስም ላይ ይደርሳል። ሊቃውንቱ አገው ነው ይላሉ። ቀጥሎ ወንዝ ተሻግሮ ሰሜን ወደሚባለው አገር ይገባል። ወንዙን ዓባይ ይለዋል፤ ተከዜ መሆኑን ግን መልክዓ ምድሩ ይናገራል። ተራራው አስቸጋሪ ነው፣ ብርድና በረዶ አለው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ በበረዶ ይሰምጣል ይላል።

እንግዲህ አገው በጽሑፍ ታሪክ ብቅ ያለው በዚህ መልክ ነው፤ በባሕር ዳር፣ በግሪክ ፊደል፣ በሰው ዙፋን ላይ፣ ያውም ተሸናፊ ሆኖ። ዋግ ውስጥ የአገዎቹን ቋንቋ ኽምጣኛ እየተናገረ የሚያርስ ገበሬ ቅድመ አያቱ በእነ ዜውስና በእነ ጶሲዶን ስም በተጠራበት ድንጋይ ላይ ተመዝግቦ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ንጉሡ እኮ ዙፋኑን ለአሬስ ለጦርነቱ አምላክ ሰጥቶ፣ በመርከብ ስለሚሄዱት ደግሞ አዱሊስ ላይ ለዜውስና ለጶሲዶን መሥዋዕት አቅርቧል።

የድል አድራጊ ድንጋይ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሌላውን ግማሽ ያው ኮስማስ ይዞታል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ወርቅ ለማምጣት ሰዎች ሳሱ ወደሚባል አገር ይልካል ይላል። የሚልከው በማን በኩል ነው? በአገው ገዥ በኩል! ያ የተሸነፈው አገው የመንግሥቱን የወርቅ በር ይዟል ማለት ነው።

አካሄዱን ልንገራችሁ። የንጉሡ ሰዎች ብቻቸውን አይሄዱም፤ ነጋዴ ይከተላቸዋል፣ ከ500 በላይ ይሆናሉ። በሬ ይነዳሉ፣ ጨውና ብረት ይጭናሉ። ሳሱ ዳር ሲደርሱ ይሰፍራሉ፣ እሾህ ከምረው ዙሪያቸውን ያጥራሉ። በሬውን አርደው ሥጋውን በእሾሁ ላይ ይዘረጋሉ፣ ጨውና ብረቱንም ያስቀምጣሉ። ያገሩ ሰዎች እንደ ጥራጥሬ ፍሬ ያለ ወርቅ ይዘው ይመጣሉ። የወደዱት ሥጋ ወይ ጨው ወይ ብረት ላይ አንድ ወይ ሁለት ፍሬ አኑረው ዞር ይላሉ። ባለ ዕቃው ይመጣል፤ ከበቃው ወርቁን ያነሣል፣ ያኛው ዕቃውን ይወስዳል። ካልበቃው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ያኛው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ የለ፣ አስተርጓሚ የለ፣ ደላላ የለ። ከዚያ ወርቅ ጥቂቱ የግሪክ ፊደል ወደታተመባቸው የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ሳይገባ አልቀረም።

ጨው አልኩ አይደል? ሰቆጣን ሰቆጣ ያደረጋት ጨው ነው። አፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ በወረደው ረባዳ፣ ጨው እየተቆረጠ በግመል ይጫን ነበር። ግመሉ እሳት የሆነውን ቆላ አቋርጦ ደጋው አፋፍ ይወጣል፣ መቀሌ ይደርሳል፣ ከዚያ ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ወደ ሰቆጣ ይቀጥል ነበር። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች። አሞሌ የሚባለው የጨው ጡብ ከዚህ ወደ ላስታና ወደ ሌላውም አገር ይበተን ነበር። አሞሌ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ጨው ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው እየወደደ እንደሚሄድ ታዝቦ ጽፏል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ባሕር ባይኖራትም ወደብ ነች። ኽምጣኛ፣ አማርኛና ትግርኛ አንድ አገር ውስጥ ተሰናስለው የኖሩትም ያለ ነገር አይደለም። ነጋዴ የደንበኛውን ቋንቋ ሳይጠላ ይማራል።

ወደ ዙፋኑ ልመለስ። አዱሊስ ጠፋች። አክሱም ደከመ። ያ ድንጋይ ላይ በተሸናፊነት የተቆጠረው ሕዝብ ግን ተነሣና ራሱ ነገሠ፤ ዛጉዌ ተባለ። የአገው ነገሥታት ከላስታ ሆነው አገሩን ገዙ፣ ላሊበላን ያህል ነገር አቆሙ። የአክሱምን ሙያ አልጣሉትም። ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ በዋሻ ውስጥ ግንቡ በእንጨትና በድንጋይ ተራ በተራ ተነባብሮ ነጭ ተለስኖ ታዩታላችሁ፤ የአክሱም ግንበኛ ቢነሣ የኔ ነው ይላል። ሰቆጣ አጠገብ ደግሞ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ጠራቢው ድንጋዩን እንደ እንጨት አድርጎ የአክሱምን አሠራር አስመስሎበታል። የዋግ ገዥዎች የዋግሹሞቹ ደረቅ ሬሳም እዚያው ተቀምጧል። ላሊበላን አይቶ የሚመለስ እንግዳ ብዙ ነው፤ ወደ ሰቆጣ ቀጥሎ ይህን የሚያይ ግን ጥቂት። እንደኔ እንደኔ ጉዞው ግማሽ ላይ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ነገሠና ዛጉዌ ወረደ። በዋግ ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው፤ መንግሥቱ ለይኩኖ አምላክ ሲተላለፍ ውል ተገባ። የዛጉዌ ዘር ዋግን ይዞ ይቆያል። ሹሙ ዋግሹም ይባላል። የብር ነጋሪት ያስመታል። ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ሌላው መኳንንት ሲቆም ወይም ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ዋግሹም በራሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ውሉ በርግጥ በዚያ ቀን ተፈረመም አልተፈረመ፣ ወንበሩ ግን እስከ ቅርብ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት የታወቀ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ባደንቅ አትፍረዱብኝ። አንዱ ዙፋን አገውን ከፊቱ አስገብሮ ቆጠረው፤ ሌላው ዙፋን ደግሞ አገውን ከጎኑ ወንበር አኑሮ አስቀመጠው።

ይሁን እንጂ ከዚያ ባሕር ዳር የሚመጣ ጣጣ ገና አላለቀም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሰቀሏቸው። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ፣ ላስታንና ዋግን ያዙ። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር በቴዎድሮስ ላይ መቅደላ ሊዘምት መጣ። የት ወረደ? ዙላ! የአዱሊስ ፍርስራሽ አጠገብ። እንዲያውም ሠራዊቱ እዚያ ቆይቶ ፍርስራሹን ቆፍሮ አይቷል። ከዚያ በሰንዓፌ፣ በእንጣሎ፣ በአሸንጌ አድርጎ የጎበዜ ጥላ ባረፈበት አገር አለፈ። ጎበዜ የአባታቸውን ደም የሚመልስላቸው ጠላት ሲያልፍ ምን ብለው ያቁሙት? አሳለፉት። ቴዎድሮስ ሞቱ። ጎበዜም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ የዋግ ወንበር ራሱ ዙፋን ሆነ።

ግን እንግሊዝ ሲመለስ፣ መንገድና ስንቅ ላመቻቹለት ለትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ትቶ ሄዷል። ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊም ወታደራቸውን አሠለጠነ። ካሳ የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት የእቴጌ ድንቅነሽ ወንድም ናቸው፤ አማችነት ግን ጦር አያስቀርም። ሐምሌ 1863 ዓ.ም አድዋ አጠገብ፣ አሰም ወንዝ ላይ ገጠሙ። የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ያ ከዙላ የወጣው መሣሪያ ግን ለየው። ንጉሠ ነገሥቱ ተማረኩ፣ ዓይናቸው ጠፋ፣ በግዞት ሞቱ። ካሳም አፄ ዮሐንስ ሆኑ። አዱሊስ ዳር የወረደ መሣሪያ የዋግን ዙፋን ገለበጠ እላለሁ፤ የተሻለ የሚያውቅ ይከራከረኝ።

ከዚያም ወዲህ ከዚያው ባሕር ጣሊያን ወጣ፤ በምጽዋ። በማይጨው ጦርነት ሰሞን ዋግና ላስታ ተያዙ። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ግን አልተቀመጡም። በ1929 ክረምት ማብቂያ ተነሡ፣ በአገራቸው ተራራ ላይ ጠላትን ወጉ። በ1930 ዓ.ም መስከረም ተገደሉ። ጣሊያኖቹ የደጃዝማቹን ራስ ቆርጠው ሰቆጣ ላይ በአደባባይ አሳዩት፣ የአሞሌ ነጋዴውና ገበሬው እንዲፈራ ብለው። አልሆነላቸውም። በዚያው ሰሞን በጌምድር ተነሣ፣ ጎጃምም ተነሣ፤ ጣሊያን አገሩን ለቆ እስኪወጣ ድረስ አመፁ አልበረደም።