ለጊዜው

ከጦር ኃይሎች ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ባለፍሁ ቁጥር አንዲት ቃል በሐሳቤ ትመላለሳለች፤ «ለጊዜው»።

በ1951 ዓ.ም. ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት፣ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ሪቻርድን ይዘው ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ገቡ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ማስታወቂያ አንብበው ነበር። ሥራው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም፣ ውሉም የሦስት ዓመት ነበር። ያ ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። በዚያ ግን ቀናት የፈጀ ምጥ ልጃቸውን የነጠቃቸውን፣ ሽንታቸው አልቋረጥ ብሎ ከሰው የተገለሉትን ሴቶች አገኙ። ቆዩ። በ1966 ዓ.ም. የፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም.፣ ካትሪን ደግሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አረፉ። ሦስቱ ዓመት ለእርሳቸው ስድሳ አንድ ሆነ።

ይህ ታሪክ ብዙ ተጽፎለታል፤ ሲያንስም ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው፣ ማስታወቂያ ሳያነብና ውል ሳይፈርም ልጆቹን አስከትሎ የመጣው ነው።

ቆሼ ስሙን ያገኘው ከቆሻሻው ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ የተከመረበት፣ 36 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ተራራ ነው። ከገጠር የመጣ ቤተሰብ ከተራራው ሥር የጭቃና የላስቲክ ጎጆ ይቀልሳል፤ ብረትና ፕላስቲክ ለቅሞ ይሸጣል። መቼም እዚያ ለመክረም ብሎ ከአገሩ የሚነሣ የለም። ትንሽ ጥሪት እስኪቋጠር፣ ክረምቱ እስኪያልፍ፣ ልጁ ደብተር እስኪገዛለት ነው። ሆኖም ልጁ እዚያው ያድጋል።

ቆሻሻው ራሱ እንኳ ለጊዜው ሄዶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. አዲሱ የሰንዳፋ ማስወገጃ ቢከፈትም የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ የጭነት መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬዎቹን አልወቅስም፤ ማን ደጁ ላይ ይወድዳል? ብቻ በተራራው ሥር የሚኖሩት እንደ እነርሱ «አይሆንም» የሚሉበት መሬት አልነበራቸውም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ተራራው ተደረመሰ። ቅዳሜ ማታ ሰው ቤቱ የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቁፋሮው ለቀናት ቀጠለ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። የረጲው ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ።

ሪቻርድ ሲመጣ ስድስት ዓመቱ ነበር እያልሁ የቆሼን ሕፃናት ዕድሜ ከእርሱ ጋር አስተያያለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ማታ የተረፉት ከነልጆቻቸው ወደ መጠለያ ተወሰዱ። የመጠለያውም ስም ጊዜያዊ ነበር።