የተዘጋው ቤት በፊልም ታሪክ

ቤተሰቡን ከዓለም ነጥሎ የሚገዛ አባት በሥነ ጥበባዊ ፊልም ውስጥ፣ ማለትም ከገበያ ይልቅ ለጥበባዊ ፍለጋ ቅድሚያ በሚሰጠው ዘርፍ፣ ቀደም ብሎ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ ሜክሲኳዊው አርቱሮ ሪፕስታይን በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው «የንጽሕና ግንብ» ነው። በ1950ዎቹ ሜክሲኮ ሲቲ በእርግጥ በደረሰ ታሪክ ላይ የተመሠረተው ይህ ፊልም፣ የአይጥ መርዝ እየቀመመ የሚተዳደር አባት ሚስቱንና ልጆቹን ከውጭው ዓለም ክፋት ለመጠበቅ በሚል ሰበብ ለ18 ዓመታት ዘግቶባቸው እንደኖረ ይተርካል።

በ2009 ግሪካዊው ዮርጎስ ላንቲሞስ ከኤፍቲሚስ ፊሊፑ ጋር ጽፎ ያዘጋጀው «ክራንቻ» ግን የአባትየውን ምክንያት ሳይገልጽ ያልፋል፤ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ልጆች ከአጥሩ መውጣት የሚችሉት ክራንቻቸው ሲወልቅ ብቻ እንደሆነ፣ ድመትም ከአራዊት ሁሉ አደገኛዋ እንደሆነች ተነግሯቸው አምነዋል። ፊልሙ ከሜክሲኮው ይበልጥ የሚያስጨንቀውም በዚሁ ነው፤ የሚይዛቸው ከቁልፍ ይልቅ እምነታቸው ነውና። ከ1967 እስከ 1974 በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ባለፈች አገር እንዲህ ያለ አባት የአምባገነን ምሳሌ ሆኖ መነበቡ ተገቢ ነው። ሥራው በካን ፌስቲቫል፣ ለየት ያለ አተያይ ላላቸው ፊልሞች በተለየው ዘርፍ፣ ዋናውን ሽልማት ከማግኘቱም በላይ ለኦስካር ታጭቶ፣ «እንግዳው ማዕበል» የተሰኘውን አዲሱን የግሪክ ፊልም ለዓለም አስተዋውቋል።