የአኮሶምቦ ልጅ መብራት ጠማው

መብራት በሄደ ቁጥር በዝናብ ማሳበብ ለምደናል። የጋና ታሪክ ግን ሌላም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1966 ፕሬዚዳንት ንክሩማ የመረቁት የአኮሶምቦ ግድብ 80,000 ያህል ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል። አብዛኛው ኃይል ግን በረጅም ዘመን ውል፣ በርካሽ ዋጋ፣ ለአሜሪካ ኩባንያዎች የአሉሚኒየም ፋብሪካ ተሰጠ። ብዙው ተፈናቃይ ለዓመታት በኩራዝ ቀረ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ አይደል? በ1983 ድርቅ ሲገባ ሐይቁ ጎደለ፤ ኤሌክትሪክ በራሽን ሆነ። ከ2012 በኋላ ደግሞ የጋዝና የገንዘብ እጥረት ተጨመረና ሕዝቡ ለችግሩ «ዱምሶር» የሚል ስም አወጣለት፤ «ጠፋ፣ በራ» እንደማለት ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ግድብ ሲመረቅ ስንት ሜጋዋት ብቻ ሳይሆን ለማን? ብለንም እንጠይቅ።