የታኮማ ከተማ ሁለት ታሪኮች

ሰሞኑን ስለ ኢሚግሬሽን እስር ቤቶች ሲወራ «ከንቲባው ምን ይሠራል? ለምን አይዘጋውም?» የሚል ጥያቄ በብዛት አያለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እስቲ በታኮማ ታሪክ እንየው። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ታውቋታላችሁ፣ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትነዱ ናት።

መጀመሪያ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1885፤ በእኛ በኩል ጣሊያን ምጽዋን የያዘበት ዓመት ነው። የታኮማ ሰዎች በመቶዎች ሆነው ወጡና ቻይናውያኑን ከየቤታቸው አስወጧቸው። 200 የሚሆኑትን በዝናብ በእግር እየነዱ ከከተማው ውጭ ወዳለ የባቡር ጣቢያ ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወደ ፖርትላንድ ተላኩ። ሰፈራቸውም በቀናት ውስጥ ተቃጠለ።

ይህን ያደረገው የመንደር ዱርዬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከመሪዎቹ አንዱ ከንቲባው ጃኮብ ዋይስባክ ነበር። እሱ ራሱ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ! 27 ሰዎች በፌዴራል ክስ ተመሠረተባቸው፤ አንድም የተፈረደበት የለም። ፌዴራል መንግሥቱም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1882፣ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከልክሎ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ነገሩ ከመቶ ዓመት በኋላ ተነሣና በ1993 የከተማው ምክር ቤት መጸጸቱን በይፋ ገለጸ። ዛሬ በባሕሩ ዳር የዕርቅ መናፈሻ አለ።

ይህ በሆነ በ11 ዓመቱ፣ በ2004፣ በዚያችው ከተማ የኢሚግሬሽን ማቆያ ተከፈተ። ቦታው የወደብና የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ አፈሩ በድሮ ኢንዱስትሪ የተበከለ። የሚያስተዳድረው ጂኦ ግሩፕ የሚባል የግል ኩባንያ ነው። እየሰፋ ሄዶ 1,575 ሰው የሚይዝ ሆነ። በ2014 ታሳሪዎቹ የረሃብ አድማ ሲመቱ ስሙ አገር አዳረሰ። ካነሷቸው ነገሮች አንዱ፣ ምግብ ሲያበስሉና ሲያጸዱ ውለው በቀን የሚከፈላቸው 1 ዶላር ነበር።

ታዲያ ከተማው ምን አደረገ? የፌዴራልን እስር ቤት መዝጋት አይችልም። ግን መሬቱ ላይ ምን ይሠራ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። በ2017 ምክር ቤቱ የመሬት አጠቃቀም ደንቡን ለውጦ ማቆያው እንዳይስፋፋ አገደ። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን በደመወዝ ጉዳይ ከሰሰ፤ በ2021 ደግሞ ጁሪ ለታሳሪዎቹ 17.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ፈረደ። ግዛቱ ከዚህም አልፎ የግል ማቆያዎችን የሚያስቀር ሕግ አወጣ። ይሄኛው ግን አልያዘም። በ2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ተመሳሳዩን የካሊፎርኒያ ሕግ የፌዴራልን ሥራ ያደናቅፋል ብሎ ውድቅ አደረገው፤ የዋሽንግተኑም በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ሕንጻው ዛሬም ቆሟል። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» የምትሉኝ አትጠፉም። እኔ ግን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ሌላ ነው። በ1885 «ይህን ለማድረግ ሥልጣን አለን ወይ?» ብሎ ያቆማቸው አልነበረም፤ ለዚህም ነው ሥራው በአንድ ቀን ያለቀው። በ2017 ግን ምክር ቤቱ የሄደው ሕጉ እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ያዘገመው። ከሕግ በላይ የሆነ ከንቲባ ዛሬ ለስደተኛ ቢያደላ፣ ነገ የሚመጣው ዋይስባክ ሊሆን ይችላል። ያኔ መጀመሪያ የሚባረረው ማን እንደሆነ ለእኛ አይነገረንም።

ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የከተማችሁ ምክር ቤት ስለ መሬት አጠቃቀም ሲሰበሰብ «አሰልቺ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የታኮማው ማስፋፊያ የታገደው እንደዚያ ባለ ስብሰባ ነው።

ሰላም ሁኑ።