ባሕር በመጽሐፍ ቅዱስ

ባሕር በመጽሐፍ ቅዱስ ከዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እስከ ዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ድረስ የሚጠቀስ ሲሆን፣ ከውኃነቱ ባሻገር የጥልቅ፣ የሁከትና የሞት ምልክት ነው። ሆኖም ከእግዚአብሔር ጋር እኩል የሚቆም ኃይል ሳይሆን ወሰን የተሰጠው ፍጥረት ሆኖ ይቀርባል።

ስያሜ

የዕብራይስጡ ቃል «ያም» ነው። ሜዲቴራኒያንን፣ የጨው ባሕርን፣ የገሊላን ሐይቅና በሰሎሞን ቤተ መቅደስ በ12 የናስ በሬዎች ላይ የተቀመጠውን፣ ወርዱ 10 ክንድ የሆነውን የውኃ ገንዳ ሳይቀር ያም ይላቸዋል። ሜዲቴራኒያን ከከነዓን በስተ ምዕራብ ስለሚገኝ ቃሉ «ምዕራብ» ማለትም ነው። እስራኤላውያን የተሻገሩት ባሕር በዕብራይስጥ «ያም ሱፍ» ይባላል፤ «ሱፍ» ቄጠማ ወይም ሸምበቆ ነው። የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ግን «ኤሪትራ» (ቀይ) ስላለው፣ ግዕዙም «ባሕረ ኤርትራ» ብሎታል።

ሁከትና ወሰን

በከነዓን አካባቢ ያም የአምላክ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በሶርያ በኡጋሪት ፍርስራሽ በተገኙት የሸክላ ጽላቶች ላይ በኣል ያምን ተዋግቶ ያሸንፋል። በመዝሙር 74 (በግዕዙ 73) እግዚአብሔር ባሕርን ሲከፍልና የሌዋታንን ራሶች ሲቀጠቅጥ የዚህ ትረካ ድምፅ ይሰማል። በዘፍጥረት 1 ግን ጦርነት የለም፤ ውኃው ታዝዞ በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል። ኢዮብ 38 ከዚህም ያልፋል፦ ባሕር እንደ አራስ ሕፃን በደመና ይጠቀለላል፣ በርም ይዘጋበታል። አስፈሪውን ጠላት ሕፃን ማድረጉ ከንጽጽሮቹ ሁሉ ደፋሩ ነው።

ፍርሃቱ ከኑሮም የመጣ ነው፤ እስራኤል የመርከበኛ አገር አልነበረችም። ሰሎሞን በዔጽዮንጋብር መርከቦች ሲያሠራ ባሕር የሚያውቁትን ሰዎች የላከለት የጢሮሱ ንጉሥ ኪራም ነው። ኢዮሣፍጥ ያሠራቸው መርከቦች ደግሞ ሳይሄዱ እዚያው ተሰባበሩ።

በአዲስ ኪዳን

የገሊላ ባሕር ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከባሕር ጠለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስና ዮሐንስ በግሪክ «ታላሳ» (ባሕር) ሲሉት ሉቃስ «ሊምኔ» (ሐይቅ) ይለዋል። በጣና ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ለሚል የአማርኛ አንባቢ ግን ባሕር መባሉ እንግዳ አይደለም። ኢየሱስ ማዕበሉን ሲገሥጽ ደቀ መዛሙርቱ ማንነቱን የጠየቁት፣ ባሕርን ማዘዝ በብሉይ ኪዳን የእግዚአብሔር ብቻ ሥራ ስለሆነ ነው።

በዮሐንስ ራእይ አውሬው ከባሕር ይወጣል (13፥1)፤ ኋላም ባሕር በውስጡ ያሉትን ሙታን ይሰጣል (20፥13)። በአዲሱ ምድር ባሕር የለም (21፥1)፤ ከዙፋኑ የሚወጣው የሕይወት ውኃ ወንዝ ግን አለ (22፥1)።