ኪቦርድን ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ስለ መወሰን፤ አጭር ታሪክ

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን በተባለው ገበያ የሚሠራ አንድ ነጋዴ በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር አቁሞ ሽያጩን በባርኮድ ማንበቢያ ለመመዝገብ ቢነሣ፣ ውሎ ሳያድር አንድ ችግር ይገጥመዋል። ይኸውም አብዛኛው ማንበቢያ ከኮምፒዩተር ጋር ሲያያዝ ራሱን የሚያስተዋውቀው ኪቦርድ ነኝ ብሎ ስለሆነ፣ ያነበበውን ቁጥር የሚጽፈው በሽያጭ መዝገቡ ላይ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ከፊት በሚገኘው መስኮት ላይ ነው። ነጋዴው ለጅቡቲ ደንበኛው መልእክት በመጻፍ ላይ ከሆነ የቴርሞሱ ቁጥር ከሰላምታው መካከል ይገባል፤ ማንበቢያው በቁጥሩ መጨረሻ የኢንተርን ቁልፍ ስለሚመታም መልእክቱ ሳያልቅ ሊላክ ይችላል። መዝገቡ ደግሞ አንድ ሽያጭ ይጎድለዋል።

የችግሩ ሥር ከሊኑክስ ይቀድማል። ኤክስ ዊንዶው ሲስተም በ1984 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲጀመር፣ በአንድ ስክሪን ፊት አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድና ከአንድ ማውዝ ጋር እንደሚቀመጥ ታስቦ ነበር። በኋላ ሌላ ኪቦርድ ቢጨመርም የሁሉም ቁልፎች ምት እንደ አንድ ምንጭ ተቆጥሮ ወደ አንድ መስኮት ይፈስ ነበር።

የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ግን ነገሩን የሚያውቁት ከተቃራኒው ወገን ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢማክስ 20 ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ያዘጋጀውን የግዕዝ አጻጻፍ ይዞ ነበር፤ ሆኖም በላቲን ቁልፍ አማርኛ የመጻፉ ችሎታ ከኢማክስ ደጃፍ አይወጣም። ከዚያ በኋላ ዳንኤል ያዕቆብ ለጂቲኬ ያበረከተው አጻጻፍ ክልሉን ቢያሰፋውም፣ የሚሠራው በጂቲኬ በተገነቡ ፕሮግራሞች ብቻ ነበር። ኪቦርዱ በአንድ ፕሮግራም መታጠሩ በዚያ ዘመን ችሎታ ሳይሆን ችግር ነበር ማለት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሁዋንግ ፔንግ የጀመረው አይበስ አጥሩን አፈረሰ፤ አማርኛም በየመስኮቱ ተጻፈ።

አጥሩ በመፍረሱ ግን የታይዋኑ ነጋዴ ችግር ተባባሰ። የዕቃው መለያ ፊደል የተቀላቀለበት ከሆነና የአማርኛ አጻጻፉ ክፍት ሆኖ ከተገኘ፣ ከማንበቢያው የመጣው የላቲን ፊደል በመዝገቡ ላይ ግዕዝ ሆኖ ይሰፍራል፤ መዝገቡም እንዲህ ያለ ዕቃ አላውቅም ይላል። አይበስ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን አጻጻፍ እንዲይዝ የሚያደርግ ምርጫ ስላለው ይህን ሁለተኛውን ጣጣ ያቃልላል፤ የመጀመሪያውን ግን አይነካውም፤ የሚለየው አጻጻፉን እንጂ መሣሪያውን አይደለምና።

መሣሪያውን ራሱን የመለየት ሥራ የፒተር ሁተረር ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራው የነበረው ዘዴ በ2009 እ.ኤ.አ. ከኤክስ ሰርቨር 1.7 ጋር ወጣ። በዚህም መሠረት ሁለተኛ ዋና ኪቦርድ ፈጥሮ ማንበቢያውን ከእርሱ ጋር ማያያዝ፣ ያንንም ኪቦርድ በመዝገቡ መስኮት ላይ ማቆም ተቻለ። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ነባሮቹ ፕሮግራሞች በአንድ ስክሪን ሁለት ኪቦርድ ለየብቻ ይሠራል ብለው ስላልተጻፉ፣ በተግባር ብዙ ያደናግራል።

ለሱቅ የሚበጀው መንገድ ከመስኮቶቹ በታች፣ በከርነሉ ዘንድ ይገኛል። በሊኑክስ እያንዳንዱ ኪቦርድ የራሱ ፋይል አለው። የመዝገቡ ፕሮግራም ይህን ፋይል እንዲከፍት ፈቃድ ተሰጥቶት መሣሪያውን ለብቻው ሲይዝ፣ የማንበቢያው ምት ለሌላ ለማንም አይደርስም፤ ስክሪኑን የያዘው ኤክስም ሆነ ዌይላንድ ለውጥ የለውም። ዋጋው ፕሮግራሙ የቁልፎቹን ቁጥር ወደ አኃዝና ፊደል የመመለሱን ሥራ ራሱ መሥራቱ ነው። የአማርኛው አጻጻፍም በዚያ መንገድ ላይ የለም።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ፕሮግራሙ በድንገት ቢቆም ከርነሉ መሣሪያውን ይለቀዋል፤ ቁጥሩም ወደ ደንበኛው መልእክት ይመለሳል። ስለሆነም ሁተረር ዛሬም ዋና ተንከባካቢው የሆነለት ሊብኢንፑት ይህን መሣሪያ ጨርሶ እንዲተወው በዩዴቭ ደንብ አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ መዝገቡ ቢዘጋ ማንበቢያው ጢጥ ይላል እንጂ የትም አይጽፍም።