ኮከቡ የነደፈው ብረት

በ1952 ሚሺጋን ግዛት፣ ካላማዙ ከተማ የነበረው የጊብሰን ፋብሪካ ፊቱ ወርቃማ ቀለም የተቀባ ኤሌክትሪክ ጊታር በ210 ዶላር ለገበያ አወጣ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተሰየመው በዘመኑ ከአሜሪካ ዝነኛ ጊታሪስቶች አንዱ በነበረው በሌስ ፖል ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሁለት ሦስት የኤሌክትሪክ ጊታር ስሞች አንዱ ሆኗል። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ግን እንደልብ የሚጫወቱበት ጊታር አልነበረም። ጣጣው ከእንጨቱም ከኤሌክትሪኩም አይደለም። ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት ነው።

ነገሩን ለመከታተል ሁለት ቦታዎችን ማወቅ ይበቃል። ክሮቹ በጊታሩ ገላ ላይ ተንተርሰው የሚያልፉበት ብሪጅ ይባላል፤ በገና ደርዳሪዎች በርኩማ የሚሉት ነው። ከብሪጁ ኋላ የክሮቹ ጫፍ የሚታሰርበት ደግሞ ቴይልፒስ ነው። (በበገና ላይ በክሩና በበርኩማው መካከል እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ የሚነዝረው ድምፅ ሆን ተብሎ የሚመጣው ከእሱ ነው። ጊታር እንዲያ ከነዘረ ግን ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል።)

የብሪጅ ፈተናው ርዝመት ነው። ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑት ልክ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት። ነገር ግን መጫኑ ራሱ ክሩን ይወጥረዋል፣ ውጥረቱም ድምፁን ከሚፈለገው ትንሽ ያሳልፈዋል። ይህ ጭማሪ ከክር ክር ስለሚለያይ እያንዳንዱ ክር የራሱ ጥቂት ሚሊሜትር ማካካሻ ይፈልጋል። ካላገኘ፣ ሳይጫኑት በትክክል የተቃኘው ጊታር እጅ ወደ አንገቱ መጨረሻ ሲሄድ ይበላሻል። መቃኛውን ቢያዞሩት ቢያዞሩት አይስተካከልም።

ሌስ ፖል ያቀረበው ንድፍ ብሪጁንና ቴይልፒሱን ያዋሃደ ነበር። አንድ ወፍራም የብረት ዘንግ ከጊታሩ ጭራ በመጡ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ብረቶች ተይዞ ገላው ላይ ያርፋል። ክሮቹ በዘንጉ ላይ እንዲያልፉ ነው የታሰበው። ፋብሪካው ግን አንገቱን ከገላው ጋር ሲያጋጥም በቂ ዘንበል አላደረገለትም። ክሮቹ ከላይ ካለፉ ከአንገቱ ከመጠን በላይ ይርቃሉ። ስለዚህ ከዘንጉ ሥር አሳለፏቸው።

በመዳፉ ክሩን አፈን እያደረገ መጫወት የለመደ ሰው እጁ ሲያርፍ የሚያገኘው ክር ሳይሆን ብረት ሆነ። ሌስ ፖል ራሱ እንዲህ ይጫወት ስለነበር ስሙን በያዘው ጊታር ላይ ቅሬታ ካሰሙት አንዱ እሱ ነው። በዚያ ላይ ዘንጉ ገላው ላይ በብሎን አልታሰረም፤ ይዞት የሚቆየው የክሮቹ ውጥረት ብቻ ነው። ክንድ ሲነካው ቦታውን ይለቃል፣ ቅኝቱም አብሮት ይሄዳል። ስድስቱን ክሮች ለየብቻ ማካካስማ ጭራሽ አይታሰብም።

ጥፋቱ የማን ነው? የዘንጉ ንድፍ ለብቻው ቢታይ ይሠራል። የአንገቱም ሥራ ለሌላ ብሪጅ ቢሆን ባልከፋ። ሁለቱ የተገናኙት ጊታሩ ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ለገበያ ቀርቧል።

ይበልጥ የሚገርመው ሌላ ነው። ከ1950 ጀምሮ የጊብሰን ፕሬዚዳንት የነበረው ቴድ ማካርቲ ለስድስቱም ክሮች ስድስት ተንቀሳቃሽ ማረፊያ ያለው ብሪጅ ነድፎ የፓተንት ማመልከቻ ያስገባው በዚያው በ1952 ነው። የሌስ ፖል ዘንግ ማመልከቻም የገባው በዚያው ዓመት ነው። መድኃኒቱና በሽታው አንድ ላይ ወረፋ ይዘው ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ፋብሪካ የገባው ግን የኮከቡ ነው። ጊታሩን የሚሸጠው ስሙ ሲሆን፣ ስሙን ያዋሰውን ሰው ብረት ቀይሩልን ብሎ መሞገት ቀላል አይሆንም።

እርማቱ የመጣው በየደረጃው ነው። በ1953 ያ ረጅም ዘንግ ቀርቶ ገላው ውስጥ በተቀበሩ ሁለት ብሎኖች የተያዘ አጭር ወፍራም ብረት ተተካ፤ አንገቱም ዘንበል እንዲል ተደረገ። እጅ ማረፊያ አገኘ፣ ብረቱም መንሸራተቱን ተወ። የየክሩ ማካካሻ ግን ገና ነበር። በ1954 የማካርቲው ብሪጅ ቱን ኦ ማቲክ ተብሎ በጥቁሩና ውዱ የሌስ ፖል ከስተም ላይ ወጣ። ወርቃማው ያገኘው በ1955 ነው።

ካሊፎርኒያ ያለው ተፎካካሪ አልተኛም። የሊዮ ፌንደር የመጀመሪያ ጊታር ለሁለት ሁለት ክር አንድ ማረፊያ፣ በድምሩ ሦስት ብቻ ነበረው። የሚጫወቱበት ሙዚቀኞች፣ በተለይ ቢል ካርሰን፣ ስድስት ይሁን እያሉ ነዘነዙ። በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ስድስት ማረፊያ አለው። እዚያ ንድፉን የገፋው የደንበኛ ንዝነዛ እንጂ የኮከብ ስም አልነበረም። በጊብሰንና በፌንደር መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ፓተንቶቹ ሁሉም በ1956 ጸደቁ፦ የሌስ ፖል መጋቢት 13፣ የማካርቲ ሚያዝያ 3፣ የፌንደር ሚያዝያ 10። ሦስቱም በ28 ቀን ውስጥ።

የሌስ ፖል ዘንግ ከምርት ከወጣ በኋላም ቁጥሩ አልሞተም። ጊብሰን በ1960ዎቹ ከጊታሮቹ የድምፅ መቀበያዎች ጀርባ የፓተንት ቁጥር መለጠፍ ሲጀምር የተጻፈው 2,737,842 ነበር። ይህ የዚያ ዘንግ ቁጥር ነው። መቀበያውን የፈጠረው የሴት ሎቨር ትክክለኛ ቁጥር 2,896,491 ነው። ስህተት ነው የሚሉ አሉ፤ ተፎካካሪ ንድፉን ፈልጎ እንዳያገኝ ሆን ተብሎ ነው የሚሉም አሉ። የትኛውም ቢሆን፣ የከሸፈው ብረት ቁጥር በተሳካው ዕቃ ጀርባ ተጣብቆ ዓለምን ዞረ። ማካርቲ በበኩሉ በ1966 ከጊብሰን ለቀቀና የቢግስቢን ኩባንያ ገዛ። የሚያመርተው ቴይልፒስ ነው።

ዛሬ ብሪጅና ቴይልፒስ መቀየር ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል። ዚንኩን አውጥቶ አሉሚኒየም፣ አሉሚኒየሙን አውጥቶ ናስ፤ እያንዳንዱ ሻጭ ድምፁ ይለወጣል ይላል። ጥቂት ይለወጥ ይሆናል። ሰሚ ሁሉ የሚያውቀው ለውጥ ግን ማካርቲ ያመጣው ነው፦ ክሩ በየፍሬቱ ልኩን ሲይዝ።

የ1952ቱን ጊታር የያዙ ሰዎች ደግሞ አስቸጋሪ ምርጫ አለባቸው። ገላውን በስተው ዘመናዊ ብሪጅ ቢያስገቡለት ይጫወቱበታል፣ በሰብሳቢዎች ገበያ ያለው ዋጋ ግን ይወርዳል። ከነዘንጉ፣ ከነስህተቱ ሳይነካ የቆየው ነው የሚወደደው። ለዚህ ሲባል ቀዳዳ ሳይበሱ የሚገጠሙ፣ ክሮቹን ከላይ የሚያሳልፉ ምትክ ዘንጎች ይሸጣሉ። ገዢው ጊታሩን መሸጥ ሲፈልግ ነቅሎ የጥንቱን መልሶ ይገጥማል።